ሁለት ግራ እጅጌ

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

የንግግር ባለሙያዋ ጠዋት መጣች። "አባትዎ በየቀኑ ምን እንደሞከሩ፣ ስንት ደቂቃ አብራችሁ እንደሠራችሁ ይጻፉልኝ" ብላ ቅጽ ሰጥታኝ ሄደች። ማታ ሞላሁት። ድምፅ፦ የለም። ሙከራ፦ ትንሽ። ደቂቃ፦ ሠላሳ።

ሠላሳ... ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው የጻፍኩት። አሥራ ሁለት ቢሆን ነው።

ስለዚህ እውነቱን የምጽፍበት ሌላ ደብተር ፈለግሁ። መደርደሪያው ላይ ያልተነካ የትዕዛዝ ደብተር አገኘሁ፤ አባባ ከመታመሙ በፊት ያሳተመው። በየገጹ ራስጌ "ስም፣ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ጀርባ፣ እጅጌ" የሚል ሠንጠረዥ አለው። በሠንጠረዡ ላይ እጽፋለሁ። ማን ሊያየው?

አባባን ስትሮክ ከመታው አምስት ወሩ። ቀኝ እጁ አይታዘዝም። እግሩ ተሽሎታል፣ በምርኩዝ ይሄዳል። ሁሉን ይሰማል፣ ሁሉም ይገባዋል። ቃሉ ብቻ ነው አልወጣ ያለው። ባለሙያዋ "እነዚህ ወራት ወርቅ ናቸው" ትላለች። "በየቀኑ ጠዋት ሠላሳ፣ ከሰዓት ሠላሳ ደቂቃ። ፊት ለፊት፣ ጉልበት ለጉልበት። የሚማሩት አፍዎን እያዩ ነው።"

አፌን እያየ... አፌ እንግዲህ ወደ ጭኔ ነው የሚያየው። ጭኔ ላይ ስልክ አለ።

ዛሬ ስፌት ቤቱ ሦስት ደንበኛ ነበረው። ሦስቱም ስልካቸውን እያዩ ተለኩ። አባባ ቢሆን ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ዝም ብሎ ይቆም ነበር። "ቀና በሉ፤ እኔ የምሰፋው ለሰው ነው፣ ለጥያቄ ምልክት አይደለም" ይላቸው ነበር። ቀና ካላሉ አንድ ቁጥር አይጠራም። እኔ ጎንበስ እንዳሉ ለካኋቸው። ምን አገባኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

እንፋሎት ዛሬ ተኮሰኝ። ልብስ ተኳሻችን ነው፤ ከአባባ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ቶሎ ስለሚግል ነው ስሙን ያወጣንለት። "አንቺ ልጅ፣ ልኬት በስልክ የሚመዘገበው ከመቼ ወዲህ ነው?" አለኝ። አርባ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ለሱ ግን እስከ ዛሬ "አንቺ ልጅ" ነኝ።

እውነቱን ነው። በዚህ ቤት ልኬት የሁለት ሰው ሥራ ነበር። አንዱ ይለካል፣ ይጠራል፤ ሌላው ይጽፋል፣ ይደግማል። "ትከሻ አርባ አራት።" "አርባ አራት።" ጸሐፊው ካልደገመ ለኪው አይቀጥልም። እኔ መለካት ስማር ጸሐፊዬ አባባ ነበር። በኋላ ቦታ ተቀያየርን። አንድ ቀን ከደንበኛ ጋር ስስቅ መድገም ረሳሁ። አባባ ሜትሩን ሰውየው ደረት ላይ እንደያዘ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሰውየው ልቡን እያዳመጠለት መስሎት "ምን ተገኘ ጋሼ?" አለ።

አሁን ብቻዬን ነኝ። እንፋሎት "እኔ የካውያ ሰው ነኝ፣ እርሳስ አልይዝም" ይላል። ታዲያ ስልኩ ላይ ብመዘግብ ምን ኃጢአት አለው?

ዓርብ፣ የካቲት 7

ስልኩ ራሱ ሪፖርት ላከልኝ። "ባለፈው ሳምንት በአማካይ በቀን ስድስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ።"

መጸዳጃ ቤት ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ከዚያ ሪፖርቱን ዘግቼ ሌላ ነገር ማየት ቀጠልኩ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ባለሙያዋ ቅጹን አየች። ሠላሳ፣ ሠላሳ፣ ሠላሳ። ቅጹን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ልጅ ናት፣ ግን ሞኝ አይደለችም።

"አብራችሁ ስትሠሩ ስልክዎን የት ነው የሚያደርጉት?"

"ጭኔ ላይ... ማለቴ፣ ደንበኛ ይደውላል። የልብስ ፎቶ ይልኩልኛል። ሥራዬ ነው።"

"አዎ፣ ገባኝ" አለች። ያ "ገባኝ" ግን...

ለምን ተናደድኩባት? ትክክል ስለሆነች ነው። ደንበኛ በቀን ቢበዛ አምስት ጊዜ ይደውላል። እኔ ስንቴ ነው የምከፍተው? ሳይጮህም የጮኸ ይመስለኛል። ሽርጤ ኪስ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል፤ አወጣዋለሁ፤ ምንም የለም። አንዳንዴ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ኪሴ ይንቀጠቀጣል! ምን ዓይነት በሽታ ነው?

ባሌ ጥሎኝ ከሄደ ስድስት ዓመቱ። ያኔ ነው የጀመረው። ማታ ማታ ቤቱ ጭር ሲል ስልኩ ያወራልኝ ነበር። ልጄ ሌላ ከተማ ሥራ ይዛ ሄደች። ቢሆንም አባባ ነበረ፤ ቀልዱ፣ ንትርኩ፣ የሬዲዮ ዜና ላይ የሚሰጠው መልስ። አሁን አባባም ዝም አለ። ዝም ብሎ ሲያየኝ እፈራለሁ። ይኸው ጻፍኩት። የገዛ አባቴን ዝምታ እፈራለሁ። ስለዚህ ጎንበስ እላለሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

የዛሬውን እንደሆነው ልጻፈው።

ከሰዓት በኋላ። የሠላሳ ደቂቃችን ሰዓት። አባባ መስኮቱ ሥር ወንበሩ ላይ፣ እኔ ፊት ለፊቱ። አንድ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቻለሁ። ሁለተኛውም... አዎ፣ ሁለተኛውም። አንዲት ሴት ከአማቷ ጋር የተጣላችበትን ታሪክ በአሥራ አራት ክፍል ትተርካለች፤ ዘጠነኛው ላይ ነኝ። አባባ እጄን ነካ አደረገኝ መሰለኝ። "ቆይ አባዬ፣ አንዴ" አልኩት።

ትንሽ ቆይቶ እንፋሎት ካውያውን ጥሎ ከጓዳ ሮጦ መጣ። ማዳመጫውን ከጆሮዬ መነጨቀው።

"ጋሼ ተናገሩ እኮ! አልሰማሽም?"

"ምን?"

"ተናገሩ ነው የምልሽ! ቃል አወጡ!"

አባባን አየሁት። አፉን ገጥሟል። "አባዬ፣ ምን አልክ? እስቲ ድገመው..." ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

እንፋሎትን ጠየቅሁት። "ምን አለ?" አላየኝም። "እኔ እንጃ፣ በደንብ አልሰማሁትም። ከጓዳ ነበርኩ" አለ።

አምስት ወር የጠበቅሁት ቃል። ሁለት ክንድ ርቀት ላይ። የሰው አማት ታሪክ እየሰማሁ አመለጠኝ።

ሰኞ፣ የካቲት 17

ሁለት ቀን ሙሉ ለመንኩት። ከንፈሩ እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

ማምሻውን ስልኬ ላይ ባለ የአስታማሚዎች ግሩፕ ውስጥ አንዲት ሴት "እናቴ በስትሮክ ንግግር አቆመች፣ ምን ላድርግ?" ብላ ጻፈች። ረጅም ምክር ጻፍኩላት። ፊት ለፊት ተቀመጪ፣ ታገሺ፣ ጊዜ ስጪያት... አርባ ሦስት ሰው ወደደልኝ። "እግዜር ይስጥሽ፣ አባትሽ የታደሉ ናቸው" አሉኝ።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች።

ረቡዕ፣ የካቲት 19

ዛሬ ባለሙያዋ ያስተማረችንን ጨዋታ ሞከርኩ። እኔ አንድ ነገር በእጄ አደርጋለሁ፣ አባባ ይከተለኛል። ጸጉሬን አበጠርኩ፤ አበጠረ። በመርፌ ሰፋሁ፤ ሰፋ። ከዚያ "አሁን አንተ አድርግ፣ እኔ ልወቅ" አልኩት። "እኔ ምን እንደምሠራ አሳየኝ።"

አሰበ። የማይታዘዘውን ቀኝ እጁን አንስቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠ፣ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ። አንገቱን ደፋ። በግራ አውራ ጣቱ መዳፉን ወደ ላይ ያብስ ጀመር። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ያብሳል፣ ትንሽ ያያል፣ እንደገና ያብሳል።

መጀመሪያ ሳቅኩ። እውነት ያስቃል፤ ልክ እኔን። እሱ ግን አላቆመም። ሳቄ አለቀ። ተነስቼ ጓዳ ገባሁ።

ስንት ዓመት አብረን ሰፍተናል። መቀስ አላሳየም፣ መኪና መርገጥ አላሳየም። ይህን ነው ያሳየው።

ሐሙስ፣ የካቲት 20

ወሰንኩ። የልብስ ቁልፎች የምናስቀምጥበት ትልቅ ቆርቆሮ አለ። ከአባባ ጋር በምሠራበት ሰዓት ስልኬ እዚያ ይገባል። ለእንፋሎት ነገርኩት። "ቆርቆሮው ክዳን አለው፣ ችግሩ አንቺም እጅ አለሽ" አለኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 21

ሃያ አንድ ደቂቃ ቆየሁ።

እሑድ፣ የካቲት 23

ቁልፍ ልፈልግ ብዬ ቆርቆሮውን ከፈትኩ። ምን ዓይነት ቁልፍ? ለየትኛው ልብስ? ዛሬ እሑድ ነው፣ ሥራ የለም። ቆርቆሮው አጠገብ ቆሜ አንድ ሰዓት አለፈ። ሻዩ በረደ፣ የአባባም የእኔም።

ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነብኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 25

ባለሙያዋ ለውጥ የለም አለች። በጨዋ ደንብ ተናገረች፣ ግን አልሸሸገችም። ተራ የሚጠብቁ ሌሎች በሽተኞች አሉ። "እስከ መጋቢት መጨረሻ እንየው። ካልሆነ በሦስት ወር አንዴ ነው የምመጣው።" በሦስት ወር አንዴ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ይገባኛል። ወርቁ አለቀ ማለት ነው።

አባባ ይሰማ ነበር። ሁሉም ይገባዋል ብዬ ጽፌ የለ? ጉልበቱን በግራ እጁ ሲያሻሽ አየሁት።

ቅጹ ላይ ዛሬ "ስምንት ደቂቃ" ብዬ እውነቱን ጻፍኩ። አነበበችው። "አመሰግናለሁ" አለች። ከሠላሳው ይልቅ ስምንቱ አስከበረኝ እንዴ?

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

ምን ነካኝ? ምን ነካኝ?

የጡረተኛው መምህር ሱፍ። ጨርቁን የገዛችለት ሟች ሚስቱ ናት። አሥራ አንድ ዓመት ሣጥን ውስጥ አስቀምጦት፣ አሁን ልጁን ሊድር ነው፤ ኮት አድርጊልኝ ብሎ በሁለት እጁ ሰጠኝ። እንደሱ ያለ ጨርቅ ዛሬ ገበያ ላይ የለም። ሁሉም ቦታ ጠይቄያለሁ።

ይህ ጨርቅ ፊትና ጀርባ አለው። እጅጌ ሲቆረጥ የካርቶኑን ቅርጽ አንዴ አስቀምጦ ግራውን መቁረጥ፣ ከዚያ ቅርጹን ገልብጦ ቀኙን መቁረጥ ነው። ጀማሪም ያውቀዋል። ግራውን ቆረጥኩ። ስልኩ ተንቀጠቀጠ። አየሁት፤ ምንጣፍ የሚያጥብ ሰው ቪዲዮ ነው። አቧራው እየለቀቀ ቀይ አበባ ይወጣል። ሰው ምንጣፍ ሲያጥብ እኔን ምን አገባኝ? እስከ መጨረሻው አየሁት። ተመለስኩ። ቅርጹን ሳልገለብጥ አስቀመጥኩ። ቆረጥኩ።

ሁለት ግራ እጅጌ። የተረፈው ጨርቅ ቁርጥራጭ ነው፣ ሙሉ እጅጌ አይወጣውም።

መቀሱን አስቀመጥኩ። እንፋሎት መጥቶ አየ። "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" አለ። ወዲያው ደግሞ ተጸጽቶ "በቃ፣ በቃ፣ ውሃ ጠጪ" ብሎ ብርጭቆ አመጣልኝ።

ስልኩን ቆርቆሮ ውስጥ ወረወርኩት። ዛሬ አላወጣውም። ከፈለገ ሌሊቱን ሙሉ ከቁልፎቹ ጋር ያውራ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

ለአባባ ልነግረው አልፈለግሁም። ግን ፊቴን አየው። ከታመመ ወዲህ ፊት ማንበብ ጎበዝ ሆኗል፤ ሌላ ምን ይሥራ?

በምርኩዙ እስከ መቁረጫው ጠረጴዛ መጣ። ሁለቱን እጅጌ በግራ እጁ ጎን ለጎን አደረጋቸው። አንዱን ገለበጠው፣ የጨርቁ ጀርባ ብቅ አለ። መለሰው። አላየኝም። ብትቆጣኝ በወደድኩ፣ አባዬ።

ከዚያ ጠመኔ አነሳ። በግራ እጁ፣ እየተንገዳገደ፣ ከእጅ አንጓው ከፍ ብሎ መስመር አሰመረ። በአንዱ ላይ ብቻ አይደለም፣ በሁለቱም ላይ። እኔ አልገባኝም። የገባው እንፋሎት ነው።

"ቀኙን እስከ መስመሩ ከቁርጥራጩ ሥሪው፣ ከታች የጎደለውን ቀጥይበት ማለታቸው ነው። መጋጠሚያው ላይ ሰፋ ያለ የታጠፈ ጠርዝ አልብሺው። ግራውም ላይ እንደዚያው። ሁለቱም ላይ ካለ ማን ቀጠላ ይለዋል? ፋሽን ነው የሚለው።"

አባባ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

እጅጌውንና ቁርጥራጩን መለካት ጀመርኩ። ስልኩ ቆርቆሮ ውስጥ ነው፣ የት ልመዝግብ? በድሮ ልማድ ጮክ ብዬ ጠራሁ፦ "ርዝመት ስልሳ ሁለት።"

ከኋላዬ ድምፅ መጣ። ሻካራ፣ ዝገት የበላው ማጠፊያ ነው የሚመስለው።

"ስ... ስልሳ።"

ዞርኩ። አባባ ጠመኔውን ይዞ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ ስድስትን ሊጽፍ ይታገላል። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። እየደገመ ነው! ጸሐፊ መድገም አለበታ። ለኪ ጠርቶ ጸሐፊ ዝም ካለ ሥራ ቆመ ማለት ነው።

አፌን በእጄ ልይዝ ነበር፤ ተውኩት። ቢደነግጥስ? ቁጥር ጠራሁ። "ስፋት አሥራ ስምንት።"

ጠበቅሁ። ከንፈሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ጠበቅሁ። ሜትሩን እንደያዝኩ ቀጥ ብዬ ቆምኩ፣ እሱ ያኔ እንደሚቆመው። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሦስት ደቂቃ ሄደ።

"...ስምንት።"

ያለ ስልክ ሦስት ደቂቃ መቆም ይህን ያህል አጭር ነው እንዴ?

ዓርብ፣ መጋቢት 5

ጠዋት ደስታዬ አልቻል ብሎኝ እንፋሎትን ላስቀው ሞከርኩ። "አስበው እስቲ፣ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሉ 'ስልሳ'! ልጅ አፉን የሚፈታው እናት፣ አባት እያለ ነው፤ አባቴ በስልሳ ፈታ!"

አልሳቀም። ካውያውን አቆመው። ከሸሚዙ የሚተነውን ውሃ አየ።

"የመጀመሪያው አይደለም" አለ።

"እ?"

"ያን ቅዳሜ። ሰምቻለሁ። ዋሽቼሽ ነው።"

"ምን ነበር ያለው?"

"ተይው አንቺ ልጅ።"

"ንገረኝ።"

"'ቆይ' ነው ያሉት።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የሻይ ብርጭቆአቸውን ላነሳ ከጓዳ ብቅ ብዬ 'ጋሼ፣ ልውሰደው?' ስላቸው፣ ቀና ሳይሉ፣ ጣታቸውን እንዲህ አንስተው... 'ቆይ' አሉኝ። ልክ አንቺ እንደምትይው። ጣትሽን እንደምታነሺው። ብርጭቆውን አስቀምጬ ካውያዬ ጋር ተመለስኩ እንጂ መናገራቸው ራሱ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ ያኔ ነው ሮጬ የመጣሁት።"

የተተኮሰውን ሸሚዝ ወስጄ አጠፍኩት።

አምስት ወር ሙሉ አፌን እያየ ተማረ። ባለሙያዋ እንዳለችው። ከአፌ ብዙ ጊዜ የወጣውን ቃል ተማረ። ውኃ አይደለም፣ ልጄ አይደለም። ቆይ አባዬ። ቆይ አንዴ። ቆይ መጣሁ። በቀን ስንቴ ብየዋለሁ? መቶ?

አለቀስኩ። ደብተሩ ላይ ነጠብጣብ አለ፣ ይኑር።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

ወንበሩ ፊት ተቀመጥኩ። ጉልበት ለጉልበት። ስልኩ ቆርቆሮ ውስጥ፣ ቆርቆሮው መደርደሪያው ጫፍ ላይ፣ መሰላል ካልወጣሁ የማልደርስበት ቦታ።

"አባዬ፣ ሳስጠብቅህ ነው የከረምኩት" አልኩት። "አውቃለሁ። እፈራ ነበር። ዝም ስትል የሄድክ ይመስለኛል። ይቅር በለኝ።"

አየኝ። ለረጅም ጊዜ። አልሸሸሁም። እንባ ያቀረረው ግራ ዓይኑ ብቻ ነው፣ ቀኙ ዘግይቶ ደረሰ። ግራ እጁን አንስቶ ጉንጬን ቸብ ቸብ አደረገኝ፤ ልጅ ሆኜ መርፌ ሲወጋኝ እንደሚያደርገው።

ከዚያ ሜትሩን አወጣሁና ጠረጴዛውን፣ ወንበሩን፣ መስኮቱን፣ እንፋሎትን ሳይቀር ለካሁ። እየጠራሁ፣ እየጠበቅሁ። ሠላሳ ስምንት ደቂቃ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ባለሙያዋ ሰማች። ቁጥር ስጠራ፣ አባባ ሲደግም። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ይህን ማን አስተማራችሁ?"

"ሥራችን ነው" አልኳት።

ዓርብ፣ መጋቢት 12

መምህሩ ኮቱን ሊወስድ መጣ። ልብሱ አምሮበታል፣ ጠርዙን ወድዶታል። ዝም ብል ማንም አያውቅም። እንፋሎት በዓይኑ "ዝም በይ" አለኝ። ነገርኩት። ስልክ እያየሁ እንደቆረጥኩ ሳይቀር።

ጠርዙን በጣቱ ዳሰሰው፤ መጋጠሚያው ሥሩ እንዳለ አሁን ያውቃል። ፊቱ ጠቆረ። "የሷ ነበረ እኮ" አለ። እሱን ብቻ። ከዚያ መስታወቱ ፊት ብዙ ቆመ። ሲወጣ "ጥፋቱን ራሱ የነገረኝ ተማሪ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሦስት አይሞላም" አለኝ። ምስጋና ይሁን ወቀሳ አልለየሁትም። ሁለቱም ይገባኛል።

እሑድ፣ መጋቢት 21

ተንሸራተትኩ። አባባ ከተኛ በኋላ "አምስት ደቂቃ" ብዬ አወጣሁት፤ አንገቴ ደርቆ ነው የነቃሁት። የአማትየዋ ታሪክ አሥራ አራተኛው ክፍል ላይ ታረቁ። አሥራ አራት ክፍል የጠበቅሁት ለዚህ ነው?

ሪፖርቱ፦ በቀን ሦስት ሰዓት ከአሥር። ከስድስቱ ይሻላል። ዳንኩ ግን አልልም። ኪሴ አሁንም ባዶውን ይንቀጠቀጣል።

ሐሙስ፣ መጋቢት 25

አባባ ዛሬ ሳልጠራለት በራሱ "ሻይ" አለ። ከዚያ ቀመሰውና ፊቱን አጨማደደ። ስኳር ረስቼ ነው። ስኳር የሚለውን ቃል ፈልጎ ፈልጎ አጣው፣ በመጨረሻ "ስልሳ" አለ። እንፋሎት ስልሳ ማንኪያ ልጨምርልዎት ወይ ብሎ ሦስታችንም እስክንታመም ሳቅን።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 30

ባለሙያዋ መጣች፣ አየች፣ ሰማች። በየሳምንቱ ትመጣለች። ሦስት ወር የሚባል ነገር ቀረ። እሷን ሸኝቼ ስመለስ አባባ ወንበሩ ላይ የለም።

መደርደሪያው ጋ ቆሟል። ከአሮጌዎቹ የትዕዛዝ ደብተሮች አንዱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ገልጧል። የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት የተጻፈው፤ አብሬው መሥራት የጀመርኩበት ዓመት። ያኔ ኮት ሰፍቶልኝ ነበር። በሕይወቱ የሰፋው ብቸኛ የሴት ኮት። በገዛ እጁ ጽፎታል፦ "ስም፦ ልጄ። ትከሻ 39። ጀርባ 41።"

ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠለጠለ። በዓይኑ "ቁሚ" አለኝ። ቆምኩ።

አልለካኝም። ዝም ብሎ ጠበቀ። ምን እየጠበቀ ነው? እጄን አወረድኩ፣ እግሬን ገጠምኩ። አሁንም ይጠብቃል። ከዚያ በግራ ጣቱ ማጅራቴን ነካ አደረገኝ።

"ቀና" አለ።

ቀና ያልኩ መስሎኝ ነበር እኮ! ዓመት ሙሉ ቀጥ ብዬ የምሄድ ይመስለኝ ነበር።

"ቀና... በይ።"

ሁለት ቃል አገጣጠመ። ከእኔ የደገመው አይደለም፣ የራሱ ቃል ነው። ለሺህ ሰው ያለው። ቀና አልኩ። የቻልኩትን ያህል። ማጅራቴ ቋቋ አለ።

ሜትሩን ከላይ እሱ ያዘ፣ ከታች እንፋሎት። "ጀርባ..." አለ አባባ። ቁጥሩን ፈለገ። ልክ በዚያ ሰዓት መደርደሪያው ላይ ስልኩ ጮኸ። ቆርቆሮው ውስጥ ቁልፎቹ ተንጫጩ። እንፋሎት አየኝ። አባባም አየኝ። ማን ይሆን? ልጄ ትሆን? ደንበኛ? ልቤ ሄዶ ደርሶ መጣ። እግሬ ግን ካለበት አልተነሳም።

"አርባ... ሦስት" አለ።

"አርባ ሦስት" ደገምኩ።

ቀና ብዬም ሁለት ሴንቲ ጎብጫለሁ። ይህን ሁለት ሴንቲ እናውቀዋለን። ከአምስት ዓመት ወዲህ የደንበኛ ሁሉ ጀርባ ረዝሟል፤ አንገት ሲደፋ ጨርቁ ከኋላ እንዳያጥር እንጨምራለን። አባባ "የስልክ አበል" ብሎ ስም አውጥቶለት ነበር። ለሁሉም ሰው እንቆርጣለን፣ ማንንም አንወቅስም።

ደብተሩን አቀረብኩለት። ይህንኑ ደብተር፤ ንጹሕ ገጽ ፈልጌ ሠንጠረዡን አሳየሁት። እርሳሱን በግራ እጁ ያዘ። "ስም" በሚለው ሥር "ልጄ" ብሎ ጻፈ፤ ፊደሎቹ ተጣመዋል፣ ግን ይነበባሉ። ጀርባ የሚለው ጋ ሲደርስ ቆመ። አየኝ። እኔም "አርባ ሦስት" ብዬ አስታወስኩት።

ራሱን ነቀነቀ። አይደለም ማለቱ ነው። አርባ አንድ ብሎ ጻፈ።

ነገ ጨርቅ ልንመርጥ ነው። እሱ ቁጥሩን ይሰጣል፣ እኔ እቆርጣለሁ። ኮቱ ለአርባ አንድ ነው የሚሰፋው። ቀና ካላልኩ አይበቃኝም።